«ተቃጠለ» እና «አቃጠሉት»፦ እሳት የሚለኩሱ ሰዎች የአእምሮ ምርመራ የሚመልሰውና የማይመልሰው

በአማርኛ «ቤቱ ተቃጠለ» እና «ቤቱን አቃጠሉት» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች የሚለያዩት በግሡ ርባታ ብቻ ነው። በጅማ መርካቶ ግድግዳ ለግድግዳ ከተጠጋጉት ሱቆች አንዱ ሲነድ፣ ወይም በበጋው ወራት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የቡና ማድረቂያ ግቢ በእሳት ሲያያዝ፣ ከአንዱ ዐረፍተ ነገር ወደ ሌላው የሚታለፈው አመዱ ሳይበርድ ነው። ጠዋት «ተቃጠለ» የተባለው ከሰዓት በኋላ «አቃጠሉት» ይሆናል፤ ማታ ቡና ሲፈላ ደግሞ «ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም» የሚል ብይን ይታከልበታል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ከደረሰው ከባድ ቃጠሎ በኋላም ወሬው ከምርመራው ቀድሞ ነበር።

«ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም» የሚለው አነጋገር በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን አዝሏል። እሳቱን የለኮሰው ማን ነው? የለኮሰው ሰው በዚያች ሰዓት የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? ነገስ ይደግመዋል ወይ? የመጀመሪያው የፖሊስ፣ ሁለተኛው የሐኪምና የዳኛ ጥያቄ ነው፤ ሦስተኛውን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው የለም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲጠቀለሉ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ፣ እሳት የለኮሰ ሁሉ ደግሞ ሕመምተኛ ይሆናል። የፎረንሲክ ሥነ አእምሮ ምርመራ፣ ማለትም ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን በባለሙያ የሚካሄድ የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ምርመራ፣ ዋና ሥራው እነዚህን ጥያቄዎች መነጣጠል ነው።

መርማሪው የማይመልሰው ጥያቄ

እሳት የራሱን አሻራ ይበላል። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ውስጥ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በደንብ ያልጠፋ ከሰል፣ የተገለበጠ ኩራዝና ቤንዚን የነካው ጨርቅ ላልሠለጠነ ዓይን የሚተዉት አንድ ዓይነት አመድ ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው የቃጠሎ መርማሪ ነው። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ቦታ ነው ወይስ ከብዙ፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ተረጭቷል ወይ፣ በዚያ ሰዓት መብራት ነበር ወይስ ጠፍቶ ገና መምጣቱ ነበር፣ በሩ የተቆለፈው በየትኛው በኩል ነው የሚሉት ጥያቄዎች የእሱ ናቸው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙና የሥነ ልቦና ባለሙያው ከዚህ በኋላ የሚገቡ ሲሆኑ፣ «ይህ ሰው የለኳሽ ጠባይ አለው» ብለው የጎደለ ማስረጃ የመሙላት ሥልጣንም ሆነ ዕውቀት የላቸውም።

ይህ ፈተና የቆየ ነው። በድሮው የአውጫጪኝ ሥርዓት ስርቆት፣ ግድያ ወይም ቃጠሎ ሲደርስ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ አድራጊው እስኪጠቆም ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ማን ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር፣ ማንስ ከሰው ተለይቶ ይኖራል የሚለው ትዝብት ለጥቆማ መነሻ መሆኑ አይቀርም። ያው ትዝብት በኋለኛው ዘመን የሳይንስ ልብስ ለብሶ ተመልሷል። ጆን ማክዶናልድ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ. ለመግደል የዛቱ ታካሚዎቹን ተመልክቶ፣ በልጅነት አልጋ ላይ መሽናት፣ እንስሳትን ማሠቃየትና እሳት መለኮስ አንድ ላይ ሲገኙ ለኋለኛ ዓመፀኝነት ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ ጻፈ። ሐሳቡ በፊልምና በታዋቂ መጻሕፍት በኩል ዓለምን ዞረ፤ ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ግን እንደ መተንበያ አልደገፉትም። ሦስቱ ምልክቶች ይበልጥ የሚያመለክቱት ልጁ በቤት ውስጥ የሚደርስበትን በደል ወይም ቸልታ ነው። ይሁን እንጂ «ሦስቱ ምልክቶች» ዛሬም በየሥልጠናው እንደ ተረጋገጠ ዕውቀት ሲጠቀሱ ይሰማል።

የአንድ ቃል ጉዞ

«ፓይሮማኒያ» የሚለው ቃል በአማርኛ ራዲዮ «የእሳት ፍቅር በሽታ» ተብሎ ሲተረጎም ይሰማል። መነሻው ፈረንሳይ ነው፤ ሻርል ማርክ የተባለው ሐኪም በ1833 እ.ኤ.አ. ሰውየው በሌላው ነገር ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ለእሳት ብቻ የሚነሳ የማይቋቋሙት ግፊት ይኖረዋል በሚል ሐሳብ ለሁኔታው የሕመም ስም ሰጠው። ከእሱ ቀደም ብለውም የጀርመን ሐኪሞች እሳት የለኮሱ ወጣት የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ እያነሡ፣ ምክንያቱን በጉርምስና ዕድሜ ከሚመጣ የሰውነት ለውጥ ጋር ያያይዙት ነበር። የበርሊኑ ሐኪም ዊልሄልም ግሪዚንገር በዚያው ክፍለ ዘመን ስያሜው እንዲቀር አጥብቆ ተከራከረ፤ በእሱ እምነት ሊጠየቅ የሚገባው ሰውየው በአጠቃላይ ታሟል ወይስ አልታመመም የሚለው ነበር።

የእነዚያ የቤት ሠራተኞች ነገር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በኋላ በፍልስፍና የታወቀው ካርል ያስፐርስ በ1909 እ.ኤ.አ. የሕክምና ዶክትሬቱን የጻፈው ስለ ናፍቆትና ወንጀል ነበር። የመረመራቸው ጉዳዮች ገና በልጅነታቸው ከገጠር ወጥተው በሰው ቤት ሞግዚት የሆኑ፣ ወደ ቤታቸው መመለስ ተከልክለው እሳት የለኮሱ ወይም ከዚያም የባሰ ያደረጉ ልጆችን ይመለከታሉ። ቤቱ ከተቃጠለ ሥራ አይኖርም፤ ሥራ ከሌለ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። የልጅ ሒሳብ ነው፤ የእሳት ፍቅር ግን የለበትም። ከገጠር ቀበሌ ወደ ጅማ ለቤት ሠራተኝነት የምትመጣ የ13 ዓመት ልጅ የጨረቃ ያህል የራቀባትን ቤቷን እንዴት እንደምታስበው ለሚያውቅ ሰው፣ የጀርመን ሐኪሞች ምን ያህል ከመንገድ እንደ ወጡ ግልጽ ነው።

ዛሬ ቃሉ በጣም ጠብቧል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ፓይሮማኒያ ለማለት፣ ሰውየው ሆን ብሎ ከአንድ ጊዜ በላይ እሳት የለኮሰ፣ ከመለኮሱ በፊት ውጥረት ወይም የስሜት መነሣሣት የሚሰማው፣ እሳትና ከእሳት ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ የሚስበው፣ ሲለኩስ ወይም ሲያይ ደስታ ወይም እፎይታ የሚያገኝ መሆን አለበት ይላል። ይህም ተሟልቶ እሳቱ የተለኮሰው ለገንዘብ፣ ለፖለቲካ፣ ሌላ ወንጀል ለመደበቅ፣ ለበቀል፣ ኑሮን ለማሻሻል፣ ከእውነታ በተለየ እምነት ወይም ድምፅ ተገፋፍቶ፣ አለዚያም በስካር ወይም በአእምሮ እድገት ውስንነት ሳቢያ ማመዛዘን ተስኖት ከሆነ ስሙ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ስሙን እንደ ጠበበ አቆይቶታል።

መጥበቡ ምን እንዳስከተለ በፊንላንድ የተደረገ አንድ ጥናት ያሳያል። በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመው የሉዊስና የያርኔል ሰፊ ጥናት ከመረመራቸው ወንድ ለኳሾች ትልቁን ክፍል በፓይሮማኒያ መድቦ ነበር። በፊንላንድ ግን ከ1973 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ደጋግመው እሳት በመለኮሳቸው የአእምሮ ምርመራ የታዘዘላቸው 90 ወንዶች መዝገብ በጠበበው ትርጉም ሲፈተሽ፣ መስፈርቱን የሚያሟሉ የመሰሉት 12 ብቻ ሆኑ። ከ12ቱ 9ኙ ደግሞ በለኮሱበት ሰዓት ሰክረው ነበር። 3 ሰዎች ቀሩ።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ባለሙያዎች ማንም የማያሟላው የሕመም ስም ምን ይጠቅማል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ስሙ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ጠበቃ ሁሉ ደንበኛውን በዚያ በር ያወጣው ነበር ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ሁለተኛዎቹ ያደላል። ስሙ ጠባብ መሆኑ ግን ከ90ዎቹ ቀሪዎቹ 87 ምንም ችግር የለባቸውም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የስብዕና መታወክ፣ የመጠጥ ሱስ፣ ስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ የሚነጥል ከባድ የአእምሮ ሕመም) ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበረባቸው ናቸው።

እሳቱ ለሰውየው ምን ሠራለት?

ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የምርመራው ክብደት ከስም ወደ ፋይዳ ተሸጋግሯል። ሐዋርድ ጃክሰንና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ያቀረቡት ሐሳብ፣ እሳት ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ሊናገሩ ወይም ሊለውጡ ያልቻሉትን ነገር በሩቁ የሚናገሩበት መሣሪያ ነው የሚል ነው። ፊት ለፊት መጋጨት የማይችል፣ የሚሰማው የሌለ፣ አቅመ ቢስነት የተሰማው ሰው ማታ በጨለማ ክብሪት ይጭራል፤ እሳቱ ቀሪውን ይሠራለታል። መርማሪው ይህን ሰው የሚጠይቀው እሳቱ ምን እንዳመጣለት ነው።

ለማስረዳት ያህል እንዲህ ያለ ጉዳይ እናስብ። በቡና መፈልፈያ የሚሠራ አንድ ወጣት የሦስት ሳምንት ደሞዙ ተይዞበታል። አሠሪው በአካባቢው የተከበረ፣ ዕድሜውም የአባቱ የሆነ ሰው ነው፤ ቀና ብሎ «ገንዘቤን» ማለት ነውር ይመስለዋል። አንድ ምሽት ከግቢው ጀርባ የተከመረውን የቡና ገለባ ይለኩሰዋል፤ ሰው «እሳት! እሳት!» ሲል ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ባልዲ ይዞ ይሮጣል። በማግሥቱ አሠሪው በሰው ፊት ያመሰግነዋል። ይህ ወጣት በፓይሮማኒያ መስፈርት ሲለካ ወዲያው ይወድቃል፤ ቂም አለበትና። በፋይዳ ሲታይ ግን እሳቱ ሦስት ነገር ሠርቶለታል፤ ቂሙን አውጥቶለታል፣ ሊናገረው ያልቻለውን ተናግሮለታል፣ በማያውቀው ዓይን እንዲታይ አድርጎታል። ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚያሳስበው ነው፤ ደሞዙ ቢከፈለው እንኳ አይጠፋምና።

በእንግሊዝ የኬንት ዩኒቨርሲቲዋ ቴሬሳ ጋነንና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ አስፍተው አዋቂ ለኳሾች የሚመጡባቸውን አምስት መንገዶች ለይተዋል። አንዱ በአጠቃላይ ወንጀለኝነት የሚታይበት ሲሆን እሳቱ ከሌሎች ጥፋቶች አንዱ ነው። ሌላው ቂም ነው። ለእሳቱ ለራሱ ያለ ዝንባሌ ሦስተኛው ሲሆን፣ ስሜትን በሌላ መንገድ መግለጽ ያለመቻል ወይም የመታየት ፍላጎት አራተኛው ነው። አምስተኛው እነዚህ ተቀላቅለው የሚገኙበት ነው። ክፍፍሉ ሰዎችን በሳጥን ለማስቀመጥ ሳይሆን የት ላይ መሥራት እንደሚያስፈልግ ለማየት የታሰበ ነው።

በፖለቲካ ወይም በማኅበረሰብ ግጭት ወቅት በቡድን ስለሚለኮስ እሳት ግን ይህ ሁሉ ትንታኔ የሚናገረው ትንሽ ነው። በሀገራችን በተለያዩ ጊዜያት ቤቶች፣ ሱቆችና ቤተ እምነቶች በግጭት ተቃጥለዋል፤ ያንን የግለሰብ ሕመም ማድረግ ኃላፊነትን ማድበስበስ ነው።

የአእምሮ ሕመም ድርሻስ? በስዊድን ከ1988 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በቃጠሎ ወንጀል የተፈረደባቸው 1,689 ሰዎች ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በዚህ ወንጀል የመገኘት ዕድላቸው ከሃያ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን እጥፍ የሚነበበው ከመነሻው ጋር ነው። ለምሳሌ ያህል ከ10,000 ሰው አንዱ ብቻ የሚፈጽመው ነገር በሃያ ቢባዛ ከ10,000 ሰው 20 ይሆናል፤ 9,980ው አላደረገውም። የቀበሌው ሰው በመንደሩ የሚዞረውን ሕመምተኛ ከቃጠሎ በኋላ መጀመሪያ ሲጠረጥር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከ«ለምን» በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች

ጥሩ መርማሪ «ለምን አቃጠልክ?» ብሎ አይጀምርም። በአማርኛ «ለምን» በዚያ ቦታ ሲጠየቅ ተግሣጽ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው፦ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው»። ይህ መልስ በፖሊስ ጣቢያም፣ በሽምግልናም፣ በችሎትም ይሰማል፤ ትርጉሙም «ጥፋቴን አምናለሁ፣ ማረኝ» ለሚለው የቀረበ ነው። ቃል በቃል ተተርጉሞ በመዝገብ ሲሰፍር ግን ትእዛዝ የሚሰጥ ድምፅ የሚሰማ ሕመምተኛ ይመስላል። የተገላቢጦሹም ይደርሳል፤ በእርግጥ ድምፅ የሚሰማ ሰው «ሰይጣን ነው» ሲል እንደ ወትሮው የይቅርታ ቃል ተቆጥሮ ይታለፋል። ልዩነቱን የሚያወጣው ተከታዩ ጥያቄ ነው፦ ድምፁ ከየት ይመጣ ነበር፣ የወንድ ነው የሴት፣ በየትኛው ቋንቋ ይናገር ነበር፣ ዛሬስ እዚህ እኔና አንተ ስናወራ ይሰማሃል?

ስለዚህ መርማሪው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ትናንት የት ዋልክ፣ ምን በላህ፣ ጫት ነበር ወይ፣ አረቄስ? ክብሪቱን የገዛኸው ነው ወይስ ኪስህ ውስጥ ነበር? ስንት እንጨት ጫርክ? የመጀመሪያው ሲጠፋ ምን አሰብክ? ከመለኮስህ በፊት ከቤት ያወጣኸው ነገር አለ? ከለኮስክ በኋላ የት ቆምክ፣ ማንን ጠራህ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደህ?

እነዚህ ጥያቄዎች ተራ ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ግን ሚዛን አለው። የመጀመሪያው ክብሪት በነፋስ ጠፍቶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በእጁ ጋርዶ የጫረ ሰው፣ የሚያደርገውን አያውቅም ነበር ለማለት ይከብዳል። መታወቂያውንና ፍራሹን አስቀድሞ ያወጣ ሰው ውጤቱን ገምቶ ነበር። በሌላ በኩል ልጆቹ በተኙበት ቤት ውስጥ እሳት ለኩሶ እዚያው የተቀመጠ፣ ሰው ጎትቶ ያወጣው ሰው ፍጹም ሌላ ታሪክ አለው፤ በዚያ ጉዳይ ከሕመምም በላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነበር ወይ ተብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በራስ ላይ ነዳጅ አርከፍክፎ እሳት መለኮስ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የተለየና የራሱን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። በሚጥል በሽታ ላይ የሚነሳውም ክርክር እንዲሁ በዝርዝር ይፈታል። ከመጣል በኋላ ያለው የመደናገር ጊዜ እውነተኛ ቢሆንም፣ ጭድ ሰብስቦ፣ አጥር ዘሎ፣ መንገድ መርጦ መመለስን የመሰለ የተቀነባበረ ሥራ ከዚያ መደናገር ጋር አይገጥምም።

የሰውየው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። የፖሊስ መዝገብ፣ የቀድሞ የሕክምና ካርድ፣ የእናት፣ የሚስት፣ የጎረቤት ቃል ይጨመርበታል። ከልጅነቱ ጀምሮ የለኮሳቸው እሳቶች ሁሉ፣ ማንም ያላወቃቸውም ጭምር፣ በዝርዝር ይጠየቃሉ። ማስመሰልም አለ። ቅጣት የሚጠብቀው ሰው ሕመም ሊያስመስል ይችላል፤ አስመሳይ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ምልክቶችን በማብዛቱና ሰው አየኝ ሲል ብቻ በማሳየቱ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ለልጁ ትዳርና ለስሙ ሲል ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጊዜ ነው። ምርመራው የሚታዘዘው ከድርጊቱ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ሲሆን፣ ጥያቄው ግን ስለዚያች ሌሊት ነው። በእስር ላይ ሳለ ጫትም መጠጥም ያቆመ ሰው አእምሮው ጠርቶ ሊቀርብ ይችላል፤ የዛሬው ጤንነት የዚያን ጊዜውን ሁኔታ አይመሰክርም። የዛሬው መታመምም እንደዚሁ።

እሳት በየቤቱ ባለበት አገር

እነዚህ መለኪያዎች የተወለዱት እሳት ከቤት በወጣባቸው ከተሞች ነው። የኬንቶቹ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የእሳት መጠይቅ ሰውየው ከእሳት ጋር ያለውን ቁርኝት፣ ለአደገኛ እሳት ያለውን ዝንባሌ፣ የጥንቃቄ ዕውቀቱንና እሳት መለኮስን እንደ ተራ ነገር የሚያይ መሆን አለመሆኑን ይለካል። በጅማ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ከሰል ታያይዛለች፣ ጉልቻ ሥር እፍ ትላለች፣ የቡናውን ፍም ታራግባለች። እረኛ ደረቅ ሣር ይለኩሳል። «በለጠ ገራ» በተባለው የጅማ ዞን ጫካ ማር ቆራጭ ንቡን በጢስ ያባርራል፤ ችቦው በደንብ ካልጠፋ ጫካው ይያያዛል። ገበሬ ምንጣሮውን ያቃጥላል። ለቡሄ ችቦ፣ ለመስቀል ደመራ ይለኮሳል፤ ሕዝብ ከቦ ያያል፣ ወዴት እንደሚወድቅም ይጠብቃል። እንዲህ ባለ አገር «እሳት ማየት ደስ ይልሃል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ማለት ምን ያመለክታል? ምንም ላይሆን ይችላል። መጠይቁ ከመተርጎሙ በፊት ጤነኛው የጅማ ሰው ለዚያ ጥያቄ ምን እንደሚመልስ መለካት አለበት፤ አለዚያ ኑሮውን ሕመም ብለን እንጽፋለን።

ቋንቋም አለ። ተመርማሪው የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ፣ የምርመራው ቅጽ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ አስተርጓሚውም በዚያ ሰዓት የተገኘ ሰው ሲሆን፣ «መራታ» (እብድ) የሚለው የኦሮምኛ ቃል በአንድ አፍ ስድብ፣ በሌላው የሕመም ስም ሆኖ ይቀርባል። አስተርጓሚው ቃሉን አሳምሮ «ተናድዶ ነበር ይላል» ካለ የጠፋው ነገር የምርመራው ፍሬ ሊሆን ይችላል። ስለ ጂን፣ ስለ ዛር ወይም ስለ ቡዳ መናገር በራሱ ሕመም አይደለም፤ ቤተሰቡና ጎረቤቱ የሚጋራው እምነት ነውና። መርማሪው የሚጠይቀው የሰውየው አባባል ከአካባቢው እምነት ምን ያህል እንደ ወጣ ነው። እናቱ «እኛ በጂን እናምናለን፣ እሱ የሚለው ግን እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነው» ካለች ከመጠይቅ ሁሉ የበለጠ ነግራዋለች።

ጫትን በተመለከተ በጅማና በአካባቢው ለዓመታት ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል፤ አብዝቶ መቃምና ከእውነታ የመነጠል ምልክቶች አብረው የሚታዩበት ሁኔታ የታወቀ ነው። የሚቅም ሁሉ ግን አይታመምም፤ «ቅሞ ነው ያቃጠለው» ማለትም ማብራሪያ አይሆንም። ጫቱ ነባር ሕመም ቀሰቀሰ ወይ፣ ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ አለፈ፣ ምርቃናውን ለማብረድ አረቄ ተጨመረበት ወይ የሚለው መለየት አለበት።

ሕጉ የሚጠይቀው ጠባብ ነገር ነው

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በ48ኛው አንቀጽ፣ ሰው በድርጊቱ ጊዜ በሕመም፣ በእድገት መዘግየት ወይም በመሰል ምክንያት የሥራውን ባሕርይ ወይም ውጤት ለመረዳት፣ ወይም በተረዳው መሠረት ራሱን ለመምራት ፈጽሞ ካልቻለ ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። 49ኛው አንቀጽ ችሎታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የቀነሰበትን ይመለከታል። ስለዚህ «ታሟል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለሕጉ በቂ አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ ኖሮበት ለመድን ገንዘብ ሱቁን ያቃጠለ ሰው ታማሚም ኃላፊም ሊሆን ይችላል። በ50ኛው አንቀጽ መሠረት ደግሞ ወንጀል ለመፈጸም አስቦ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ አያመልጥም።

51ኛው አንቀጽ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ ኃላፊነቱ ጥርጣሬ ሲገባው ባለሙያ እንዲመረምር ያዛል፤ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲታይ፣ ወይም ሰውየው ሥር በሰደደ የመጠጥ ወይም የአደንዛዥ ነገር መመረዝ ሲያዝ ምርመራው ግዴታ ነው። ባለሙያው ሁኔታውን፣ በማመዛዘን ችሎታው ላይ ያለውን ተጽእኖ፣ እንዲሁም ሕክምና ወይም የጥንቃቄ እርምጃ ያስፈልግ እንደሆነ ይገልጻል። ዳኛው የሚታሰረው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከግኝቱ በሚያወጣው ሕጋዊ መደምደሚያ አይገደድም። በሪፖርቱ ግርጌ «ተከሳሹ ኃላፊ አይደለም» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም የሌላውን ሥራ ወስዷል።

በተግባር በፍርድ ቤት የሚታዘዙ ምርመራዎች ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲከናወኑ ቆይተዋል፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ጤና በድኅረ ምረቃ ደረጃ ባለሙያ የሚያሠለጥን፣ በሕክምና ማዕከሉም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ተቋም ነው። ምርመራው ቋንቋውን በሚያውቅ ባለሙያ፣ ቤተሰብ ሊመጣበት በሚችል ርቀት ቢካሄድ ከላይ የተዘረዘረው የእናት ቃል በመዝገቡ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል። በሌላ ወገን የፎረንሲክ ሥራ በየክልሉ ከተበተነ ጥራቱን መጠበቅና ከአካባቢ ጫና ነጻ ማድረግ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ መርማሪው የተከሳሹን አጎት ሊያውቅ ይችላልና ስጋቱ ከንቱ አይደለም።

ልጆች

ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕጋችን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው በልዩ ድንጋጌ ይታያል። በክብሪት መጫወት በልጅነት የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛው ልጅ ከጎልማሳ ጥብቅ ማስተማሪያ በኋላ ይተወዋል። የሚያሳስበው ተደብቆ፣ ደጋግሞ፣ ተቀጣጣይ ነገር አጠራቅሞ የሚለኩስ ልጅ ነው። እሱን ከመግረፍ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደሚደርስበት መጠየቅ ይቀድማል።

ይደግመው ይሆን?

ለሦስተኛው ጥያቄ የተሻለው መረጃ የመጣው ከካናዳ ነው። ማርኒ ራይስና ግራንት ሐሪስ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እሳት ለኩሰው በአንድ ከፍተኛ ጥበቃ ያለው የአእምሮ ተቋም የነበሩ 243 ወንዶችን ተከታትለው ነበር። እንደገና እሳት የለኮሱትን የለዩት ምልክቶች የመጀመሪያው እሳት በለጋ ዕድሜ መሆኑ፣ የቀድሞዎቹ እሳቶች ብዛት፣ ብቻን ማድረግና ዝቅተኛ የአእምሮ ችሎታ ነበሩ። የሚገርመው ኃይለኛነት ከእነዚህ ውስጥ አለመኖሩ ነው፤ እንደገና የሚለኩሰው ይልቁን ጸጥተኛው፣ ፊት ለፊት የማይጋጨው ነበር። ይህ ከቡና መፈልፈያው ወጣት ጋር ይገጥማል። በማረሚያ ቤት ጥሩ ጠባይ አሳይቷል የሚለው የምስክር ወረቀት ስለዚህ ሰው የሚናገረው ያነሰ መሆኑንም ያሳያል።

እንዲህ ያለ ግኝት ለቡድን እንጂ ለአንድ ሰው አይተነብይም። ስለሆነም ጠንቃቃ ሪፖርት «አደገኛ ነው» ወይም «አይደለም» ከማለት ይልቅ በምን ሁኔታ ስጋቱ እንደሚጨምር ይጽፋል፦ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ ሲጠጣ፣ ደሞዝ ሲያዝበት፣ ከቤት ሲባረር። ለፓይሮማኒያ የተለየ መድኃኒት የለም፤ ሕመም ካለ ሕመሙ ይታከማል፣ ሱስ ካለ ሱሱ፣ መናገር ያቃተው ደግሞ መናገርን ይለማመዳል። በእንግሊዝ ማረሚያ ቤቶች በቡድን የሚሰጥ ለእሳት ለኳሾች ብቻ የተዘጋጀ ሥልጠና ዝንባሌያቸውን እንደ ቀነሰ ተመዝግቧል።

በሕጋችን ኃላፊ ባልሆነ ሰው ላይ የታዘዘ የተቋም ቆይታ ወይም ሕክምና የጊዜ ገደብ የለውም፤ ፍርድ ቤቱ ግን በየሁለት ዓመቱ ሊያየው ይገባል። ያን ቀን በችሎት የሚነበበው ሪፖርት ስለ ሰውየው አእምሮ ብቻ ከተናገረ ግማሽ ነው። የሚመለስበት ቀበሌ የተቃጠለው ቤት ባለቤት ያለበት፣ ሽማግሌዎች ካሣውን ጨርሰው ወይም ሳይጨርሱ የቆዩበት፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ቅርብ ወይም ሩቅ የሆነበት ነው። በሚቀጥለው በጋ በዚያ ቀበሌ አንድ ክምር ገለባ በራሱ ጊዜ ቢጤስ፣ ማን ላይ እንደሚጮህ ዛሬ መገመት ይቻላል፤ ሪፖርቱ ያንንም ቀን አስቦ መጻፍ አለበት።